የዳሽን ስፌት

ጥር 11 ቀን 2012፣ ሰኞ

ጥምቀት። እዚህ ጂዳ ተራ ሰኞ ነው። ወደ ወደቡ የሚሄዱት ከባድ መኪኖች ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈዋል፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል።

ከጎንደር መጥፎ ወሬ። ፋሲለደስ መዋኛው ዘንድ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰው አልቋል። ማታ ላይ አሥር ሞተዋል ይሉ ነበር። ደባርቅ ደወልኩ። ከእኛ ቤት ወደ ጎንደር የወረደ የለም፤ ተመስገን። እማዬ ግን የእኔን ጥያቄ ቀድማ፣ «አንተስ እዚያ ደህና ነህ ወይ ልጄ?» አለችኝ።

ውሻው ዳሽን ሌሊቱን ውጭ አድሮ ሲነጋ መጣ። ግራ ጆሮው ተተርትሯል። የፊት እግሩ አያስረግጠውም። ከኮንቴይነሮቹ ጀርባ ያለችው ቀይ ውሻ ወንድ የፈለገችበት ሰሞን ነው፤ የሰፈሩ ወንድ ውሻ በሙሉ የሚያድረው እዚያ ነው። ጆሮውን በጨው ውሃ አጠብኩለት። አላጉረመረመም። ደም ሲነካ ዝም የሚል ውሻ ይገርመኛል።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ውሻ መጋቢዋ ፈረንጅ መጣች። የመኪናዋ ኋላ እንደ ሁልጊዜው በደረቅ ምግብ ከረጢት ተሞልቷል። ዳሽንን ያስከተበችው እሷ ናት፤ የክትባት ደብተሩም እሷ ዘንድ ነው። የእሷ ዓረብኛ ከእኔ ይብሳል። ጆሮውን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ አድርጋ ወደ ኋላ እግሮቹ አመለከተች።

ገባኝ። ሳቄ መጣ፣ አፈርኩም።

እንደምትለው ከሆነ ማደሩን ይቀንሳል፣ ጥሉን ይቀንሳል፣ በየኮንቴይነሩ ሥር የሚፈለፈለው ቡችላ ይቀንሳል። የመጨረሻውን ሳታስረዳኝም አውቀዋለሁ። በኅዳር ከተወለዱት አንድም የቀረ የለም። መኪና፣ ረሃብ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች። ገንዘቡን እሷ ትከፍላለች። ስንት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ላስብበት አልኩ።

ለምጠብቀው ግቢ ባለቤት ደወልኩ። «ውሻው ያንተ ነው፣ የወደድከውን አድርግ፣ በሩ ብቻ ክፍት እንዳያድር» ብሎ ዘጋው። ያንተ ነው አለኝ። በዚህ ግቢ ውስጥ ያንተ የተባልኩት የመጀመሪያ ነገር ውሻ ሆነ። ፍራሹ እንኳ የግቢው ነው።

ጥር 15፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ የአገሬ ልጆች እኛ ግቢ ተሰበሰቡ። ሩዝ በዶሮ፣ ቃሪያ፣ ትኩስ የተሚስ ዳቦ። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ነው፤ ደስ ይላል፣ ጥርና የካቲት ባይኖሩ ጂዳ ሰው አይኖርባትም።

ነገሩን አነሣሁት። ያው ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

«ሰንጋ ልታደርገው ነው በለኛ!»
«ሙክት!»
«ነውር ነው። ፈጣሪ የሰጠውን ማን ይነሣዋል?»

ሼኾ እጁን አነሣ። የከሚሴ ልጅ ነው፣ ሼክ አይደለም፣ ቁርኣን ስለቀራና ቁጡ ስለሆነ ሼኾ ተባለ። ነቢዩ ሁለት የተኮላሹ በጎች እንዳረዱ በሐዲስ አለ፤ ስለዚህ ነገሩ ከነጭራሹ ሐራም ቢሆን ኖሮ አያርዷቸውም ነበር አለ። አንዱ፣ «እሱ ለሚበላ ከብት ነው» ብሎ ያዘው። ሼኾም መልሶ፣ ጥቅም ካለውና ስቃይ ከሌለው ለሌላውም የፈቀዱ ዑለማዎች አሉ አለ። ውሻ ማሳደግስ ሲሉት ለአደን፣ ለከብት፣ ለእርሻ ተፈቅዷል፣ ለዘብ ደግሞ በዚያው ይያዛል አለ። «ጎንደሬው ዘብ ነው። ውሻውም ዘብ ነው። ምን ቸገረህ?»

ሼኾ እንዲህ ይሟገትለታል እንጂ አይነካውም። ባለፈው ዳሽን ጀለቢያውን ልሶበት ሰባት ጊዜ አጠበ፣ አንዱን በአፈር። የግቢያችን አፈር ዝገትና ዘይት ስለሆነ ንጹሕ አሸዋ በፌስታል ከባሕሩ ዳር አምጥቶ አስቀምጧል። ፌስታሉ አሁንም መስኮቱ ላይ ነው።

ባሻ እስከዚያ ዝም ብለው ሻይ ይጠጡ ነበር። አገር ቤት ሚስት አላቸው፤ መጨረሻ ያዩአት ልጃቸው ዳዴ ሲል ነው፣ ልጁ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ብርጭቆውን አስቀመጡና፣ «እኛስ ሳንቆረጥ ምን ቀረልን?» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ሻይ ተደገመ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

አባዬ ወይፈን ሲያስቀጠቅጥ ትዝ አለኝ። አራት ጎልማሳ ጠልፎ ይጥለዋል፣ እግሩን በጠፍር ይጠፍሩታል፣ ሁለት እንጨት መሐል ጅማቱን ይዘው ይቀጠቅጡታል። ከዚያ ቅቤ ይቀባል። ወይፈኑ ለቀናት እግሩን አንፈራጦ ይቆማል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሳር ሳይነካ። በኋላ የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ቡርዲዞ የሚሉትን ትልቅ ጉጠት ይዞ መምጣት ጀመረ። ቆዳውን ሳይቀድ ጅማቱን ብቻ ይጨፈልቃል። ደም የለም። አባዬ መጀመሪያ አላመነውም፤ «ይሄ ቆንጥጦ ለቀቀው እንጂ ምን አደረገ?» ብሎ ነበር።

ወይፈኑ ግን ለእርሻ ነው። ዳሽን ምን ያርሳል?

ውሻ ሲኮላሽ አገሬ አላየሁም። ውሻ ለጅብና ለሌባ ነበር፣ የተረፈውን ይበላል፣ ሲያረጅ ይሞታል። እሱን ያስታወሰ ሰው ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ከደባርቅ አቅራቢያ ባለው ፓርክ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ውሻ ሊከትቡ መጡ። ለውሻው ብለው አልነበረም፤ ለቀይ ቀበሮው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከእኛ ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ እንዳይሻገር። ባሌ ላይ በ1996 ዓ.ም. ብዙ ቀበሮ የፈጀው ያ በሽታ ነው። እኛ ልጆች ሆነን፣ ለቀበሮ ሲባል ውሻ መርፌ ይወጋል ብለን ስንስቅ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ተነክሶ በየቀኑ ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ ግን አልሳቅንም።

ለፈረንጇ እሺ ብዬ ጻፍኩላት። ሰኞ ጠዋት አለች። ከጻፍኩ በኋላ ስልኩን አገላብጬ አስቀመጥኩት።

ጥር 17፣ እሑድ

ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይበላ ተብሏል፤ ውሃ እስከ ጠዋት ይችላል። ሰመመን ላይ ሳለ ካስመለሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ሳህኑን አነሣሁበት። መጥቶ ባዶውን ቦታ አሸተተ፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና አሸተተ።

የዒሻ አዛን ሲሰማ አንገቱን ቀና አድርጎ አብሮ አላዘነ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሼኾ በመጀመሪያ ይቆጣ ነበር፣ አሁን «ጀመረልህ» ብሎ ያልፈዋል።

እንቅልፍ የለም።

ጥር 18፣ ሰኞ

ጠዋት በመኪናዋ ሄድን። ከሰፈራችን ከካራንቲና ወጥተን ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር መንገዱ እየሰፋ፣ ዘንባባው እየበዛ። ሴት መንዳት ከተፈቀደላት ገና ሁለት ዓመት አልሞላም፤ ፖሊሶቹ አሁንም ገልመጥ አድርገው ያዩዋታል፣ አያስቆሟትም። ኋላ ወንበር ላይ እኔና ዳሽን።

ክሊኒኩ እንደ ባንክ ነው። ብርድ። ወረፋ የሚጠብቁት ድመቶች ናቸው፣ በቅርጫት ቅርጫት። የአንዷ ባለቤት ዳሽንን ሲያይ ቅርጫቱን ጭኑ ላይ አወጣ። ፋይል ተከፈተ፦ ስም ዳሽን፣ ዝርያ በለዲ (ያገሬው)፣ ክብደት 23 ኪሎ ተኩል፣ ዕድሜ በግምት። የባለቤት ስም ሲሉ ፈረንጇ ወደ እኔ አመለከተች። ስሜን በዓረብኛ ጻፉት። ፈርም አሉኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ማደንዘዣ ስለሆነ ላይነቃም ይችላል፣ እንደዚያ ከሆነ አላውቅም ነበር እንዳትል ነው አሉኝ። ፈረምኩ። ዳሽን ጠረጴዛው ሥር እግሬ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሐኪሙ ሱዳናዊ። ገዳሪፍ አድጓል፣ ትንሽ አማርኛ ይሰማል። ልቡን አዳመጠለት፣ ድዱን ተጭኖ ለቀቀ፤ ነጣ ያለው ቦታ ወዲያው ቀላ። ጥሩ ነው አለ። መርፌ ጭኑ ላይ። ጥቂት ቆይቶ የኋላ እግሮቹ ከዱት፤ ደረቴ ላይ ተደገፈ፣ ምላሱ ወጣ። ዐይኑ አልተከደነም። ይዘውት ገቡ።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ውስጥ ወንበር ነበር። ቅዝቃዜውም፣ ሽታውም።

ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ ወጥቶ በእጁ እያሳየ ነገረኝ። ከከረጢቱ ፊት ለፊት አንድ ቀዳዳ ብቻ ይቀደዳል፣ ሁለቱም ቆለጦች ተራ በተራ በዚያው ይገፋሉ፣ የደም ሥሩ ይቋጠራል፣ ይቆረጣል። ከረጢቱ ባዶውን ይቀራል። ውጭ ያለው ስፌት በአሥር በአሥራ አራት ቀን ይወጣል። መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም፣ መታጠብ የለም፣ መላስ ከሁሉ በላይ የለም።

ሲመለስ ሌላ ውሻ መሰለኝ። ሆዱ ተላጭቷል። ሲያየኝ አላየኝም። መኪናው ውስጥ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር፣ ቀጭን ድምፅ ያወጣ ነበር፣ የሕፃን ዓይነት። ፈረንጇ ማደንዘዣው ሲለቅ ነው፣ ሕመም አይደለም አለች። እንዴት ታውቃለች?

ማታ። ካርቶን ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ትንሽ ውሃ ሰጠሁት፤ አስመለሰው። ድዱን እንዳሳየኝ ተጫንኩት። ቀላ። ደግሜ ተጫንኩት።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ቆመ። ሸና፤ እግሩን ሳያነሣ፣ እንደ ሴት። ጠዋት ሩዝ በዶሮ ሾርባ፣ ጥቂት። በላ።

አንገቱ ላይ የሚታሰረውን ፕላስቲክ ልጆቹ ዲሽ አሉት። ሼኾ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዐረብሳት ያዘ ወይስ ናይልሳት?» በዲሹ የጋዙን ሲሊንደር ይመታል፣ በሩን ይመታል፣ ጉልበቴን ይመታል። ውሃ ሲጠጣ ዲሹ ሳህኑን ይሸፍነውና ግራ ገብቶት ይቆማል። ሳህኑን ጡብ ላይ ከፍ አደረግኩለት፤ ያ ሠራ።

መድኃኒቱ ሜሎክሲካም፣ ሽሮፕ። በቀን አንዴ፣ በኪሎው ልክ፣ ከምግብ ጋር፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጉንጩ ውስጥ። አንዱ ልጅ ፓናዶል ቁረጥለት አለኝ። ሐኪሙ የሰው ማስታገሻ በፍጹም ብሏል። ፓናዶሉ ጉበቱን ይጎዳል፣ ብሩፈን ጨጓራውንና ኩላሊቱን።

ሌላ ጉድ። ከረጢቱ ሙሉ ነው። እንዲያውም ከድሮው ተልቋል። ባሻ ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ተበልተሃል። አልቆረጡትም» አሉ። ፎቶ ላክሁ። ባዶ ቆዳ ነው፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ያብጣል፣ ቀስ እያለ ይሟሽሻል የሚል መልስ መጣ። ለባሻ ነገርኳቸው። አላመኑም።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ደህና። ስፌቱ ደረቅ፣ ጠርዙ ሐምራዊ ቢጤ። ሽታ የለውም። ገመዱን አጭር አድርጌ አሰርኩት።

ቁራሊው ሱዳናዊ ጋሪውን እየገፋ ገባ። ዳሽን ሊነሣ ሲል እኔ ቀድሜው ጮህኩ።

ጥር 21፣ ሐሙስ

አስተርእዮ ማርያም። የማርያም ቀን እንዲህ ይዋል?

ሌሊት ዲሹን ከብረቱ ክምር ጋር አጋጭቶ ሰነጠቀው። ሲነጋ ስመጣ ጎንበስ ብሎ እየላሰ ነው። አንዱ ክር የለም፤ የስፌቱ ጫፍ ትንሽ ከፈት ብሏል። ከረጢቱ ጠቁሯል፣ በእጥፍ አብጧል፣ ቆዳው ከመወጠሩ የተነሣ ያብለጨልጫል። ሲነካ ያጉረመርማል። እኔ ላይ አጉረምርሞ አያውቅም።

ፎቶ። ፈረንጇ ስልክ አታነሣም። ሐኪሙ መለሰ፤ ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሯል፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጠጣል፣ በረዶ በጨርቅ፣ አሥር ደቂቃ፣ በቀን ደጋግሞ። ከፍቶ ከፈሰሰ፣ መግል ከመጣ፣ መብላት ከተወ አምጣው። በምን ላምጣው? ውሻ የሚጭን ታክሲ የለም።

ከሱቁ በረዶ ገዛሁ። በራስ መጠምጠሚያዬ ጠቅልዬ ደቀቅ እስኪል መሬት ላይ መታሁት። ተንበርክኬ በግራ እጄ ማጅራቱን፣ በቀኜ በረዶውን። መጀመሪያ ሰውነቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ቆይቶ የኋላ እግሩን ራሱ ከፈት አደረገልኝ። ውሃው በክንዴ ላይ ይወርድ ነበር፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ። ቀና ስል ሼኾ ጥላው ሥር ቆሟል፣ ከቅርብ። ምንም ሳይል ሌላ በረዶ ሊገዛ ሄደ።

ዲሽ ሲጠፋ የሃያ ሊትር የውሃ ጀሪካን ቆረጥን። ሼኾ ቆረጠ፣ እኔ ጠርዙን በቴፕ ጠቀለልኩ፣ ገመድ በአንገት ማሰሪያው አሳለፍን። ከተገዛው ይጠነክራል። አስቀያሚ ነው።

ፈረንጇ ማታ አዲስ ዲሽና የአንቲባዮቲክ ክኒን ይዛ ደረሰች። ጀሪካኑን አይታ ፎቶ አነሣችው። ቁስሉን አይታ ዝም አለች። ዝምታዋን አልወደድኩትም።

ይሄ ሁሉ ለምን? ጆሮው ተቀዶ ቢሆንም ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሙሉ ውሻ ነበር።

ጥር 22፣ ዓርብ

ሼኾ ለዑምራ መካ ሄደ። የዑምራ ልብሱን፣ ኢሕራሙን፣ ከዳሽን አርቆ የእንጀራ ሻጯ ሴትዮ ቤት ነው ያሳደረው። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በአውቶቡስ ቅርብ። እኔ መንገዱን የማውቀው ለሙስሊም ብቻ የሚለው ሰሌዳ ድረስ ነው። አንድ ጊዜ ጣይፍ ስሄድ በታጠፈው በኩል ዞርን፣ ከተማዋን ሳናያት።

ትናንት የዓለም ጤና ድርጅት የቻይናውን በሽታ ዓለም አቀፍ ስጋት ብሎታል። ባሻ ሲሰሙ፣ ድሮ ሐጃጅ በመርከብ ሲመጣ ኮሌራ እንዳያስገባ የሚቆየው እዚሁ እኛ ሰፈር ነበር አሉ። የሰፈሩ ስም የመጣው ከዚያ ነው። አሁን በአውሮፕላን የሚመጣው ማን ያቆየዋል ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቃለሁ።

በረዶ። ጥቁረቱ ወደ ወይን ጠጅ ዞሯል። ጠዋት ግማሽ በላ።

ሼኾ ማታ በዘምዘም ጀሪካን ተመለሰ። አንድ ስኒ ሰጠኝ። ብዙ ሰው አፉን ሸፍኖ ነበር አለ። ዱዓ አደረግህልን ወይ ስለው፣ «ለእናቴ፣ ለእህቶቼ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ ለኢቃማዬ» አለ፤ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ «ቁስሉስ?» አለ።

ጥር 24፣ እሑድ

እብጠቱ ወርዷል። እጄ ይመሰክራል፣ ፎቶውም። የተከፈተው ጫፍ ከሥር ወደ ላይ እየሞላ ነው፤ ሮዝ ሥጋ። መግል የለም። ክኒኑን በተሚስ ጠቅልዬ ስሰጠው ተሚሱን በልቶ ክኒኑን ተፋው። በዶሮ ጉበት ሲሆን ዋጠው።

አሁን ችግሩ ጤናው ነው። ድኖ መታሰሩ። ገመዱን ያኝካል፣ ይዘላል፣ ቀይዋ ከግንቡ ጀርባ ስትጮህ ይንቀጠቀጣል። በገመድ አጭር አጭር ጊዜ አዞርኩት፤ እስከ ምዕራብ አፍሪካውያኑ የሐብሐብ ፍሬ ሻጮች፣ ተመልሶም። አንዷ ሴትዮ ዲሹን አይታ እስክታለቅስ ሳቀች። ልጇ ግን ሮጦ ጉያዋ ገባ።

ጥር 25፣ ሰኞ

ሌሊት ፍተሻ። የኢሚግሬሽኑ፣ የጀዋዛት፣ መኪኖች በሁለቱም በኩል ገቡ። ልጆቹ ግንቡን ዘለው ወደ እኛ ግቢ፤ ከኮንቴይነሮቹ መሐል ጨለማው ውስጥ። መብራት አጠፋሁ። ዳሽን ጆሮውን አቆመ። አፉን በእጄ ያዝኩት፣ ዲሹ ፊቴን እየቧጠጠ። ባትሪው በግንቡ ላይ አለፈ፣ ተመለሰ፣ አለፈ። ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ዳሽን አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን ኖሮስ?

ከሌላው ግቢ ሁለት ልጆች ተይዘዋል። ሹሜሲ እስር ቤት ገብተዋል ማለት ነው።

ሲነጋ ሼኾ፣ «ከሁላችን ሕጋዊው ዳሽን ነው፤ ደብተር አለው፣ ፋይል አለው፣ ሐኪም አለው» አለ። የሱ ኢቃማ ካለፈ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ጥርሱ ሲያመው በክብሪት እንጨት ቅርንፉድ ሲያስገባበት ነበር የከረመው።

ሳቅን። አሁንም ልጽፈው ስል እንዴት እንደምጽፈው ግራ ገባኝ።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ስፌቱ ወጣ። ትንሽ መቀስ፣ ትንሽ ጉጠት፤ ዳሽን ጀርባው ላይ ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ክሩ ሲሳብ አንዴ ብቻ ነጠቅ አለ። ሐኪሙ ከረጢቱን መዳፉ ላይ አድርጎ ለባሻ ንገራቸው አለኝ፤ ነግሬው ኖሮ አልረሳውም። ባዶ ነው፣ ጨርቅ ሆኗል።

ገና አልጨረስንም። በውስጥ የቀረ ዘር ስላለ ለሳምንታት ማስረገዝ ይችላል፤ ከቀይዋ አርቀው አለ። ጥሉንና ማደሩንም ወዲያው አይተውም፣ ምናልባት ጨርሶም ላይተው ይችላል፣ የለመደ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ምግቡን ቀንስ። የተኮላሸ ውሻ ያንኑ ያህል ከበላ ይወፍራል። አባዬ ሙክቱን ለምን ያኮላሽ እንደነበር ዛሬ ገባኝ ማለት ነው፤ ስሙን እንጂ ምክንያቱን አስቤው አላውቅም።

ፈረንጇ አልመጣችም፣ ሹፌር ላከች። ሹፌሩ ባንግላዴሻዊ፣ መቀመጫውን በላስቲክ ሸፍኖ። መንገድ ሙሉ መስኮቱን ከፍቶ ነዳ።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ዲሹ ወጣ። አንገቱን ለረጅም ጊዜ አከከ። ከዚያ ብረቱ ላይ፣ ጎማው ላይ፣ በሩ ላይ፣ የባሻ ወንበር ላይ ሸና፤ እግሩን አንሥቶ።

ተለውጧል ይላሉ ልጆቹ። ረጋ ብሏል፣ ዐይኑ ፈዟል። እኔ ልዩነቱን እፈልጋለሁ፣ አላገኘውም። ማታ በሩ ሥር አፍንጫውን ደፍቶ ተኛ፤ ከድሮው ቦታ ነው። ሌሊት አልጮኸም። ስለደከመው ነው? ስለታሰረ ነው? ወይስ ያ ነገር እየሄደ ነው? የሚሄድ ከሆነ የሚሰማው ይመስለኛል፣ ከዚያ ደግሞ አይመስለኝም።

ባሻ ወንበራቸውን በሳሙና አጠቡት። ስድብ የለም። «ይሁንለት» አሉ።

የካቲት 1፣ እሑድ

ደመና፣ ደረቅ። ከቻይናው በሽታ የተነሣ የአፍ መሸፈኛ ከፋርማሲ ጠፍቷል አሉ።

እማዬ ደወለች። የነነዌ ጾም ነገ መግባቱን አስታወሰችኝ፤ እኔ እዚህ እንዳልረሳ ፈርታ። ስለ ዳሽን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና፣ «ለውሻ ሐኪም ቤት?» አለች። አዎ። «ስንት ከፈልክ?» ምንም። «እሰይ» አለች። ከዚያ የእህቴ ልጅ ሳሉ እንዳልለቀቀው፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለም እንዳላቸው ነገረችኝ። ሐሙስ እልካለሁ አልኩ።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ነነዌ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመስኩም። ለዳሽን ሩብ ቀንሼ ሰጠሁት፤ ሳህኑን ልሶ ጨርሶ እኔን ያያል።

ቀይዋ ሆዷ የወረደ ይመስላል። ባሻ አርግዛለች ይላሉ፣ ፈረንጇ ገና አይታወቅም ትላለች። ካረገዘች የዳሽን ሊሆን ይችላል፣ የማንም ሊሆን ይችላል። የሴቷ ከወንዱ ይከብዳል፤ ሆድ ተከፍቶ ማሕፀንና እንቁላል ማምረቻው ነው የሚወጣው፣ ማገገሙም ይረዝማል። እርጉዝ ከሆነች ምን እንደሚደረግ ጠየቅኳት። ሐኪሙ አይቶ ይወስናል አለች። እሷም ስትመልስ ቀና ብላ አላየችኝም።

እስክትሽር እኔ ዘንድ ትሁን ወይ ስትለኝ እሺ አልኩ። ለባለቤቱ ገና አልነገርኩም። ሼኾ ሰምቶ የአሸዋውን ፌስታል ሊሞላ ሄዷል።

ነገ ጠዋት በወጥመድ ልንይዛት ነው። ማታለያው የተጠበሰ ዶሮ ነው። እኔ ጾም ላይ ስለሆንኩ ሼኾ ይጠብሳል።